ለዓይን ሐኪም የቤተሰብን ታሪክ አትደብቁ

ክቡራን ወላጆች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ብዙዎቻችን የዓይን ብሌን ስለምንላት፣ ዓይንን ከፊት ስለምትሸፍነው ስለ ኮርኒያ ነው። ውፍረቷ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ደም ሥር የላትም፤ እንደ መስታወት ጥርት ብላ ብርሃን ታስገባለች። በአንዳንድ ቤተሰብ ግን በዘር በሚወረስ ችግር ከዓመት ዓመት እየደፈረሰች ትሄዳለች።

ላቲስ የሚባለውን ዓይነት ልንገራችሁ። ልጁ ጠዋት ሲነቃ ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረዋል። ያነባል፣ ብርሃን ይሸሻል። ቤተሰቡ «አለርጂ ነው» ብሎ ጠብታ ይገዛለታል። ለጊዜው ይሻለዋል፣ ደግሞ ያገረሽበታል። ሐኪም በመሣሪያ አጉልቶ ሲያየው፣ ኮርኒያው ውስጥ መረብ የሠሩ ስስ መስመሮች ያገኛል።

እኔን የሚያንገበግበኝ መደበቁ ነው። «የዘር በሽታ አለባቸው» እንዳይባል፣ ሴት ልጅ ባል እንዳታጣ እየተባለ አፍ ይዘጋል። ማኩላር የተባለው ዓይነት የሚይዘው ከሁለቱም ወላጅ ሲወረስ ነው። እናትም አባትም አጥርተው የሚያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ታዲያ «ከእናቷ ወገን ነው የመጣው» ብሎ ጣት መቀሰር ምን ይሉታል? ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ ዕድሉ ይጨምራል። ሰባት ቤት ቆጥሮ መጋባት እዚህ ላይ በጣም ጠቅሞናል።

ግራኑላር ሁለት የተባለው ዓይነት ደግሞ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ይይዛል፤ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ወጣቶች፣ ይቺን አጥብቃችሁ ያዙ! ይህ ችግር ያለበት ሰው መነጽር ለመጣል ብሎ በሌዘር ላሲክ ከተሠራ፣ ድፍርሱ ሊብስበት ይችላል። ላሲክ ሊሠራ ያሰበ ወንድም ወይም እህት ውጭ አገር ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ደውሉ። «የአባባ ዓይን እንዲህ ነበር ብለህ ለሐኪሙ ንገረው» በሉት።

ኮርኒያው ክፉኛ ሲደፈርስ በሌላ ሰው ኮርኒያ ይተካል። ኤድዋርድ ዚርም የተባለ ሐኪም በ1905 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ኦሎሙትስ ከተማ ውስጥ ይህን ሕክምና በሰው ላይ አሳክቷል። በእኛም አገር የዓይን ባንክ አገልግሎት አለ፤ ከሕልፈት በኋላ ለመለገስ ቃል ከገቡ ሰዎች ኮርኒያ ይሰበስባል። ቃል የገባችሁ ለቤተሰባችሁ ንገሩ። ያለው ጊዜ ጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ለዓይን ባንኩ ፈጥኖ የሚደውል ሰው ያስፈልጋል።

እኔ እዚሁ እቆያለሁ። በሰው ፊት ለመጠየቅ የከበዳችሁ፣ ለብቻችሁ ኑና እናውራ። አመሰግናለሁ።