የኑር ጃሃን ነጋሪት

ክቡራትና ክቡራን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1622 ህንድን ይገዛ የነበረው የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር አንድ ትእዛዝ ሰጠ። አማቱና ዋና ሹሙ ኢትማድ ኡድ ዳውላ አርፎ ነበር። ሟቹ ታላቅ ሹም የሆነ ወንድ ልጅ፣ አሳፍ ኻን፣ ቢኖረውም ንጉሡ ያን ሁሉ ሀብት ለሟቹ ሴት ልጅ፣ ለሚስቱ ለኑር ጃሃን ሰጠ፤ ነጋሪቷም ከራሱ ነጋሪት ቀጥሎ እንዲጎሰም አዘዘ። ነጋሪት የማን ምልክት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ብዙ ሰው ኑር ጃሃንን የሚያውቃት በመልኳና በንጉሡ ፍቅር ነው። እኔ ግን የመጣሁት ስለ ሥራዋ ልነግራችሁ ነው።

በ1577 ካንዳሃር ላይ ስትወለድ ወላጆቿ ከፋርስ ወደ ህንድ የሚሰደዱ መንገደኞች ነበሩ። የመጀመሪያ ባሏ በ1607 ቤንጋል ውስጥ ተገደለ። ላድሊ የምትባል ልጇን ይዛ አግራ ቤተ መንግሥት ገባች፤ በ1611 ጃሃንጊር አገባት። ያኔ መበለት፣ እናት፣ ብዙ ያየች ሴት ነበረች።

ጃሃንጊርን መጠጥና ኦፒየም አድክመውት ነበር። በማስታወሻው እንደጻፈው፣ ሲታመም ከሐኪሞቹ ይልቅ የእሷን ብልሃት አምኗል፤ መጠጡን ቀስ በቀስ የቀነሰችለትም እሷ ነበረች። መንግሥቱንም እንዲሁ ያዘችለት። በስሟ ትእዛዝ ይወጣ፣ ማኅተሟ ይመታ ነበር። በወርቅና በብር ገንዘብ ላይ ስሟ ከንጉሡ ስም ጋር ተቀርጿል። የራሷ የንግድ መርከቦች ነበሯት። ከ1615 እስከ 1619 እዚያ የቆየው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቶማስ ሮ ጉዳይ የሚያልቀው በእሷ በኩል መሆኑን ተረድቶ ጽፏል። ከንግሥና ምልክቶች የቀረባት በዓርብ ጸሎት ስብከት፣ በኹጥባ፣ ስሟ መጠራቱ ብቻ ነበር።

በ1626 ግን ሁሉም ነገር ጄለም ወንዝ ዳር ላይ ተናጋ። ወደ ካቡል ሲጓዙ አብዛኛው ጦር ወንዙን ቀድሞ ተሻገረ፤ ጄኔራሉ መሐባት ኻን ይህን አይቶ ድልድዩን ያዘና ንጉሡን ማረከ። ኑር ጃሃን አምልጣ ተሻገረች፤ ንጉሣቸውን ከኋላ ትተው የመጡትን መኳንንት፣ ወንድሟን አሳፍ ኻንን ጨምሮ፣ ሰብስባ ወቀሰች። ድልድዩ ስለተቃጠለ ጦሩን በመልካ አስገባች፤ ራሷም በዝሆን ሆና ውሃው ውስጥ ገባች። ባሩዱ ረጠበ፣ ሰልፉ ተበተነ፣ ከአጠገቧ የቀስት ቁስለኛ ነበር፣ ዝሆኗም ቆሰለ። ውጊያው አልተሳካም። በመጨረሻ እጇን ሰጥታ ከባሏ ጋር ታሰረች፤ ከዚያም በወራት ውስጥ ታማኝ ሰዎችን አሰባስባ ንጉሡን አስፈታች። ለእኔ ትልቁ ሥራዋ ይህ ነው፤ በጦር ያጣችውን በትዕግሥት መለሰች።

የእኛ አገር ሰው ስም የሚነሣውም በዚሁ ዘመን ነው። ላድሊን ለጃሃንጊር ልጅ ለልዑል ሻህሪያር ስለዳረች፣ የንጉሡ ሌላው ልጅ ልዑል ሻህ ጃሃን ዙፋኑን እንዳያጣ ሠግቶ በ1622 ዓመፀ። ሲሸነፍና ሲሳደድ ቆይቶ ደጋፊ ያገኘው ከሙጋል ግዛት በስተደቡብ ባለው በደካን ምድር ከማሊክ አምባር ዘንድ ነበር። ማሊክ አምባር ከኢትዮጵያ በባርነት ተሽጦ ሄዶ የደካኑ መንግሥት የአህመድናጋር እንደራሴ እስከመሆን የደረሰ ሰው ነው። ጃሃንጊር ክፉኛ ይጠላው ስለነበር የተቆረጠ ራሱን በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠርቷል፤ በሕይወት እያለ ግን ሊያሸንፈው አልቻለም። ሻህ ጃሃን በ1626 ከአባቱ ጋር ሲታረቅ ልጆቹን ዳራንና አውራንግዜብን መያዣ አድርጎ ሰጠ።

በ1627 ጃሃንጊር ሞተ። አሳፍ ኻን እህቱን ትቶ የአማቹን የሻህ ጃሃንን ወገን ያዘ፤ ሻህሪያር ተገደለ። ኑር ጃሃን በዓመት 200,000 ሩፒ ተቆርጦላት፣ ከላድሊ ጋር ላሆር ኖራ በ1645 አረፈች። ከዚያ በኋላ የጻፉት የአዲሱ ንጉሥ የሻህ ጃሃን ታሪክ ጸሐፊዎች የዘመኑን ጥፋት ሁሉ በእሷ ላይ ጫኑ። ይህን ፍርድ አልቀበልም። ሹመት አሰጣጧ ለዘመዶቿ ያደላ እንደነበር አልክድም፤ የሙጋል ወንዶች ግን ለዙፋን ወንድሞቻቸውን ሲገድሉ የገዢ ወግ ተብሎ ታልፏል።

ሥራዋን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ አግራ ይሂድ። ለወላጆቿ ያሠራችው፣ በ1628 የተጠናቀቀው መቃብር፣ በነጭ እብነ በረድ ላይ ባለቀለም ድንጋይ እየተፈለፈለ የገባበት ነው። ታጅ ማሃል የተጀመረው ከእሱ በኋላ ነው፤ እዚያ የተቀበረችው ሙምታዝ ማሃልም የወንድሟ ልጅ ነበረች።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ዕድሉ የእናንተ ነው።