ሆስፒታል ውስጥ ሀምበርገር ማን አስገባው?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ የምትቆዩት ከእኔ ጋር ብቻ ነው። ላነሣው ያሰብኩት ጉዳይ ብዙ ጊዜ እንደ ቀልድ ይወራል። ሐኪሙ “ጨው ቀንስ፣ ቅባት ተው” ብሎ ያሰናበተው ታካሚ ከሆስፒታሉ በር ሳይወጣ ሀምበርገርና የተጠበሰ ድንች የሚሸጥበት ባንኮኒ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ሰው ይስቃል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ያልፋል። እኔ ግን ስቄ ማለፍ አቃተኝ። ያ ባንኮኒ ከሰማይ አልወረደም። አንድ ሰው ተደራድሮ፣ ውል ፈርሞ፣ ቁልፍ አስረክቦ ነው እዚያ የቆመው።

ጉዳዩን የአንድ ደካማ አስተዳደር ጥፋት አድርጎ መዝጋትም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ አጭር ጥናት በአገሪቱ ምርጥ ተብለው የተመደቡ 16 ሆስፒታሎችን ተመልክቶ በ6ቱ ግቢ ውስጥ የፈጣን ምግብ መደብር አግኝቷል። እነዚህ ታካሚ ስማቸውን ሰምቶ ከሩቅ የሚመጣላቸው ሆስፒታሎች ናቸው። በእንግሊዝ ካምብሪጅ የሚገኘው አደንብሩክስ ሆስፒታል ለዓመታት በርገር ኪንግን አስተናግዷል። በሜልበርን የሚገኘው ትልቁ የሕፃናት ሆስፒታል ደግሞ ማክዶናልድስን።

ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ግን የክሊቭላንድ ክሊኒክ ታሪክ ነው። በልብ ሕክምና ስሙ በዓለም የታወቀው ይህ የኦሃዮ ሆስፒታል በግቢው ውስጥ ማክዶናልድስ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2004 የልብ ቀዶ ሐኪሙ ቶቢ ኮዝግሮቭ የተቋሙን አመራር ሲረከቡ ምግብ ቤቱ እንዲወጣ ፈለጉ። የተደፈነ የደም ሥር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸውና ማን ይፈርድባቸዋል? ነገር ግን ውል ነበረ። ኩባንያውም ውሉን ይዞ ተቀመጠ። ሆስፒታሉን በሙሉ የሚያዝዙት ሰው ያንን አንድ ባንኮኒ ማዘዝ አልቻሉም። ምግብ ቤቱ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2015፣ የኪራይ ውሉ ሳይታደስ ሲቀር ነው። ደረት ከፍተው ልብ የሚጠግኑ ሐኪም አንድ የኪራይ ውል እስኪያልቅ 11 ዓመት ጠበቁ።

እንዲህ ያለ ውል ለምን ይፈረማል? መልሱ ከሒሳብ ክፍል ይገኛል። ሆስፒታል የራሱን ካፍቴሪያ ሲያስተዳድር ምግብ አብሳዩን፣ አስተናጋጁን፣ ዕቃ አጣቢውን፣ የሚበላሸውን አትክልት ሁሉ በራሱ ኪስ ይሸፍናል። ታዋቂ የምግብ ኩባንያ ሲመጣ ወጪው ሁሉ ወደ ተከራዩ ይዞራል፤ ሆስፒታሉ በየወሩ ኪራይ ይቀበላል፣ ብዙ ጊዜም ከሽያጩ ድርሻ ይጨመርለታል። ኩባንያው ምድጃና ማቀዝቀዣ ለመትከል ያወጣውን ገንዘብ ማስመለስ ስላለበት ረጅም ዓመት ይጠይቃል። አስተዳዳሪው የሚያየው ኪሳራ የነበረው መስመር ገቢ መሆኑን ነው። የምግቡ ዳፋ በዚያ ሰነድ ላይ የሚጻፍበት ቦታ የለውም፤ የሚጻፈው ከዓመታት በኋላ በሌላ መዝገብ ላይ፣ በሌላ ሐኪም እጅ ነው።

ይህን ሁሉ ስናገር ሀምበርገሩን የሚገዛውን ሰው ልወቅስ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። አስታማሚ ሆናችሁ ሌሊት ሆስፒታል አድራችሁ ከሆነ የምለው ይገባችኋል። እኔ የቅርብ ዘመዴን ሳስታምም ያየሁት ይህ ነው፦ ካፍቴሪያው ገና ምሽቱ ሳይገፋ የብረት መዝጊያውን አውርዷል፤ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠው ተሰቅለዋል፤ በምድር ቤቱ መተላለፊያ የሚበራው የአንድ ምግብ ቤት ምልክት ብቻ ነው። ሰልፉ ላይ የቆሙት አንድም ጤነኛ ፊት የላቸውም። ከፊቴ የነበረች ነርስ የተጠበሰ ድንቿን የተቀበለች ጊዜ መቀመጫ አልፈለገችም፤ ግድግዳ ተደግፋ፣ ዐይኗን ከጥሪ መሣሪያዋ ሳትነቅል፣ ፍሬ ፍሬውን ሳትለይ በጣት በጣት እያነሣች ጎረሰች። መሣሪያው ሲጮህ የቀረውን ከረጢቱ ውስጥ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። የኪሷ ጨርቅ ወዲያው ቅባት መጠጠ። ለዚያች ሴት ስለ ደም ግፊት ንግግር ማድረግ ጭካኔ ነው። እርሷ ከእኔም ከእናንተም በላይ ታውቀዋለች።

ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ምርጫው የራሱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለሁለት ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ አድርጎ ደማቸውን መረመረ። በደንብ ተኝተው ከነበሩበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር የጥጋብ ምልክት የሚሰጠው ሆርሞን፣ ሌፕቲን፣ በ18 በመቶ ቀንሶ ተገኘ፤ ረኃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን በ28 በመቶ ጨምሮ ነበር። ወጣቶቹ ከሁሉ አብልጠው ያማራቸውም ጣፋጩ፣ ጨዋማውና ስታርች የበዛበት ምግብ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ሆስፒታል ማለት ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ የሚሠራና ሳይተኛ የሚጠብቅ ሰው የሚከማችበት ቤት ነው። ለዚያ ሰው ከጤናማው ምግብ ቤት ቀድሞ በር የከፈተለት ማን እንደሆነ ኩባንያዎቹ ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ታዲያ እኔን የሚከነክነኝ ምንድን ነው? አርማው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። የሕፃናት ሐኪሞችን ከሚያሠለጥኑና ጥያቄውን ከመለሱ 200 የአሜሪካ ተቋማት 59ኙ በግቢያቸው የፈጣን ምግብ መደብር ነበራቸው። ተመራማሪዎቹ ልጅ ይዘው የመጡ ሰዎችንም አነጋገሩ። ማክዶናልድስ ባለበት ሆስፒታል የተጠየቁት በዚያ ቀን ፈጣን ምግብ የመግዛታቸው ዕድል መደብሩ ከሌለበት ሆስፒታል 4 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ይህ አያስገርምም፤ የቀረበ ነገር ይገዛል። የሚያስገርመው፣ መደብሩ ባለበት ሆስፒታል የነበሩት ሰዎች የዚያን ኩባንያ ምግብ ከሌሎቹ ይልቅ ለጤና የተሻለ አድርገው መገመታቸው ነው። ምግቡ ያው ነው፤ የተለወጠው የቆመበት ቤት ብቻ ነው። ነጭ ጋውን በሚመላለስበት ኮሪደር ላይ የተሰቀለ አርማ ሐኪሙ ሳይፈርም የሐኪሙን ፊርማ ይወስዳል።

እዚህ ላይ ለኩባንያው የሚገባውን ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ1974 በፊላደልፊያ የመጀመሪያው የሮናልድ ማክዶናልድ ቤት ተከፈተ። የካንሰር ሐኪሟ ኦድሪ ኢቫንስ ሕፃናት ታካሚዎቻቸውን የሚያስታምሙ ወላጆች ወንበር ላይ ሲያድሩ አይተው ማረፊያ ቤት ይፈልጉ ነበር፤ የማክዶናልድስ ምግብ ቤቶችም ገንዘብ አሰባሰቡ። ዛሬ እንዲህ ያሉ ቤቶች በብዙ አገሮች አሉ፤ ልጁ የታመመበት ወላጅ አልጋና ሻወር ሲያገኝ ደስታውን አልቀንስበትም። ግን ያው ስም ማረፊያው በር ላይም ሳንድዊቹ መጠቅለያ ላይም ሲታይ፣ ምስጋናውና ምግቡ በወላጁ ልብ ውስጥ እንዴት ይለያያሉ? ብዙ ገንዘብ ያላቸው የማስታወቂያ ባለሙያዎች እንኳ ከዚህ የተሻለ አልመው አይሠሩም።

እንዝጋውና እንገላገል የሚሉ አሉ። በመርሕ ደረጃ ከእነርሱ ጋር ነኝ፤ የቸኮሉ ግን ይመስለኛል። መደብሩ ተዘግቶ ቦታው ላይ የተተካው ቸኮሌትና ለስላሳ የሚተፋ ማሽን ብቻ ከሆነ ሌሊቱን የሚያድሩት ሰዎች ምን አተረፉ? ትኩስ ነገር አጡ እንጂ።

ትንንሽ የሚመስሉ ሙከራዎች ተስፋ ይሰጡኛል። ቦስተን የሚገኘው የማሳቹሴትስ ጄነራል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2010 በካፍቴሪያው ያለውን ምግብና መጠጥ በትራፊክ መብራት ቀለም ለየ፤ ለሚበጀው አረንጓዴ፣ ለማይበጀው ቀይ። ማንም ምንም አልተከለከለም። የቀይ መጠጦች ሽያጭ ግን በ16.5 በመቶ ወረደ። ቀጥሎ የታሸገ ውኃ ዐይን በሚያርፍበትና እጅ በሚደርስበት ቦታ ሲደረደር የውኃ ሽያጭ በ25.8 በመቶ ጨመረ። ሰውን በስብከት ያልመለሰ ነገር በመደርደሪያ ከፍታ ተመለሰ! የሳን ፍራንሲስኮው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ስኳር የተጨመረባቸውን መጠጦች በግቢው መሸጥ አቆመ። ከቤቱ ይዞ የሚመጣን አልከለከለም። ከ10 ወር በኋላ፣ ቀድሞ በብዛት ይጠጡ ከነበሩት ሠራተኞች መካከል የተጠኑት የሚጠጡትን ወደ ግማሽ ገደማ ቀንሰው፣ የወገባቸውም ዙሪያ በአማካይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠቦ ተገኘ።

ስለዚህ እኔ የሆስፒታል ቦርድ ውስጥ ብቀመጥ (ማንም አይጠራኝም እንጂ) መጀመሪያ የምጠይቀው ውሉ መቼ እንደሚያልቅ ነው። ሁለተኛው ጥያቄዬ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሾርባ የሚያሞቅ ሰው ደመወዝ ስንት ነው የሚል ይሆናል። ያ ደመወዝ ከሚመጣው ኪራይ ጋር በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ እንዲቀርብልኝ እፈልጋለሁ፤ በሁለት የተለያዩ ሰነዶች ላይ ሲሆን ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ኪራዩ ነውና።

በሌሊት ተረኝነት የምትሠሩ ነርሶች፣ ሐኪሞች፣ የጽዳት ሠራተኞችና የጥበቃ ሠራተኞች ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በምትሠሩበት ቤት ካፍቴሪያው በስንት ሰዓት ይዘጋል? ከዚያ በኋላስ የምትበሉት ምንድን ነው? የሆስፒታሉን ስም ሳትጠሩ በድምፅ ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል የተወሰኑትን አሰማለሁ። ሳምንት እንገናኝ።