ሰልፉ ላይ ማን ይናገር?

እንደምን አደራችሁ! ርዕሳነ መምህራን፣ መምህራን፣ የወላጅ ኮሚቴ አባላት፣ ከየሰፈሩ የመጣችሁ፣ የለቅሶ መረዳጃ እድራችንን ቅሬን የምትመሩ የቅሬ ዳኞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ የቅሬ ዳኛ ምን ይሠራል ብላችሁ ይሆናል። ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት ድንኳን ማን ይትከል፣ ለዘመድ ማን ይደውል ተብሎ ስብሰባ አይጠራም። ሥራው በቅሬው ቀድሞ ተደልድሏል። ትምህርት ቤቶቻችን ጋ ግን ይህ የለም። ተማሪ በመኪና አደጋ ይሞታል፣ ወይ ጎርፍ ይወስደዋል። ዳይሬክተሩ ስልክ ይዞ ይሯሯጣል፤ መምህራን በር ላይ ቆመው ያንሾካሹካሉ። ልጆቹ ወሬውን ከቴሌግራም ቀድመው ሰምተውታል፤ ያውም ተጋንኖ።

በጦርነቱ ያለፍንበትን ለእናንተ አልተርክም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደሴ ላይ የመማሪያ ክፍል የተፈናቃይ ማደሪያ ሆኖ ነበር። ጥቅምት ላይ ደሴና ኮምቦልቻም ተያዙ፤ የተቀበለውም ሰው ራሱ ተፈናቀለ። ዛሬ በር በንፋስ ሲላተም ዴስክ ሥር የሚገባ ልጅ ካያችሁ አትገረሙ። አርፎ አልቀመጥ ያለውንም ለመቅጣት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ማታ እንቅልፍ ይወስደው እንደሆነ ጠይቁት።

አሁን ወደ መጀመሪያዋ ሰዓት ልምጣ፤ የምንሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። ልጁ በሞተ ማግስት፣ ምንም ያልሰማ መምህር ክፍል ይገባል። ስም ጥሪ ይጀምራል። የሟቹን ስም ይጠራል። ክፍሉ ዝም ይላል። መምህሩ መልሶ ይጠራል፣ ጮክ ብሎ። ከኋላ አንዷ እሪ ትላለች። ይህንን ለማስቀረት በጀት አያስፈልግም። ጠዋት ከደወል በፊት መምህራንን አስር ደቂቃ ሰብስቦ መንገር ይበቃል። ስሙን ከመዝገቡ የሚያነሳ ሰው፣ ወንበሩ ምን ይሁን ብሎ ጓደኞቹን የሚጠይቅ ሰው ይመደብ።

መርዶው ደግሞ በሰልፍ፣ በማይክ አይነገር። እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ መምህር በየክፍሉ ይንገር። እውነቱን፣ በአጭሩ። «ጓደኛችሁ ትናንት ማታ በመኪና አደጋ ሞቷል።» ለትንንሾቹ «ተኝቷል» አትበሉ፤ ማታ መተኛት የሚፈራ ልጅ ታተርፋላችሁ። ቀብር መሄድ የሚፈልግ ወላጁ ከፈቀደ ይሂድ፤ የማይፈልግ አይገደድ።

የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ ሦስት ነገር ይላል፤ ተመልከት፣ አዳምጥ፣ አገናኝ። ልጁን አስቀምጦ «ያየኸውን ሁሉ ንገረኝ» ማለት ግን እርዳታ አይደለም። መናገር ከፈለገ ይናገር፤ ካልፈለገ ኳስ ይጫወት። አብዛኞቹ ልጆች በሚያምኑት ሰው መሃል ሆነው፣ የዕለት ኑሯቸው ሲመለስ ያገግማሉ። ሳምንታት አልፈው እንቅልፍ እምቢ ያለውን፣ ከሰው የራቀውን ልጅ ከወላጁ ጋር ተመካክራችሁ ወደ ጤና ተቋም ላኩ። መሞት እፈልጋለሁ ያለ ካለ ግን ሳምንት አይጠበቅም። ብቻውን ሳትተዉት የዚያኑ ቀን ውሰዱት።

መምህሩም እኮ ሰው ነው። ተፈናቅሎ የተመለሰ፣ ወንድሙን የቀበረ በመሃላችን አለ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለት ሰው እንጻፍ፤ አንዱ ራሱ ለቅሶ ላይ ሊሆን ይችላል።

ፊታችሁ ያለው ወረቀት ባዶ ነው። ለቤተሰብ ማን ይደውላል? ለክፍሎቹ ማን ይናገራል? በሩ ላይ ለሚጎርፈው ወላጅ ማን ይመልሳል? ኔትወርክ ቢቋረጥ ማን በእግሩ ይሄዳል? ከምሳ በፊት ሙሉትና አንዱን ኮፒ ለሰፈራችሁ የቅሬ ዳኛ፣ አንዱን ለጥበቃው ስጡ። ቢሮ ተቆልፎበት የሚቀመጥ ከሆነ ግን ከነአካቴው አትሙሉት።