የወገልጤና ድንጋይ ቀለሙን ከየት አመጣው?

(ምስል፦ ነጭ ሰሃን ላይ የተቀመጠ ባቄላ የሚያህል ድንጋይ። ከጎኑ ውኃ የተሞላ ብርጭቆ።)

ጤና ይስጥልን ውድ ተመልካቾቻችን። በሰሃኑ ላይ የምታዩት ድንጋይ ከደቡብ ወሎ፣ ከደላንታ ወረዳ፣ ከወገልጤና ከተማ አቅራቢያ የወጣ፣ ኦፓል የተባለ የከበረ ድንጋይ ነው። ከሩቅ ሲታይ የረጋ ወተት ጠብታ ይመስላል እንጂ ሰው ገንዘብ የሚያፈስበት ነገር አይመስልም። በመስኮቱ በኩል ለሚገባው ብርሃን ስናጋድለው ግን በሆዱ ውስጥ ብርቱካናማ ነገር ብልጭ ይላል፤ ጥቂት ስናዞረው ብርቱካናማው አረንጓዴ ይሆናል፤ ትንሽ ጨምረን ስናዞረው ደግሞ ሁሉም ይጠፋና ያው የረጋው ወተት ይቀራል።

አሁን ድንጋዩን ብርጭቆው ውስጥ እንከተዋለን። እዚያው ይቆይ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ጥያቄያችን ይህ ድንጋይ ቀለሙን ከየት አመጣው የሚል ነው። ቀላሉ ግምት በውስጡ ማቅለሚያ የሆነ ነገር አለ የሚለው ነው፤ ብዙ የከበሩ ድንጋዮችም ቀለማቸውን የሚያገኙት በእርግጥ እንደዚያ ነው። ሩቢ ቀይ የሆነው ክሮሚየም የሚባል ብረት ጥቂት ስለተቀላቀለበት ነው። ኦፓል ላይ ግን ይህ ግምት አይሠራም፤ ለምን እንደማይሠራም በሙቀጫ ማየት ይቻላል። በርበሬ ቢወቀጥ ያው ቀይ ነው፤ እርድም ቢፈጭ ያው ቢጫ ነው፤ ቀለሙ ከዕቃው ጋር ስለሆነ ቢደቅም አይለቅም። ኦፓል ሲወቀጥ ግን፣ ቀይ ይብለጭለጭ ከነበረውም አረንጓዴ ይብለጭለጭ ከነበረውም የሚወጣው ነጭ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ላይ አንድም ብልጭታ አይቀርም። እንግዲህ ውቀጣው ያጠፋው ነገር ንጥረ ነገር ሳይሆን አደራደር ነው ማለት ነው። የጥንት ሮማውያን በአንድ ኦፓል ውስጥ የቀይ ዕንቁን እሳት፣ የአሜቴስጢኖስን ሐምራዊና የመረግድን አረንጓዴ በአንድነት አየን ብለው ተደንቀው ጽፈዋል፤ ምክንያቱ የታወቀው ግን ከእነርሱ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ ነው።

(ምስል፦ የደላንታ ገደል ከሩቅ። ጥቁርና ገርጣ ያሉ ንጣፎች ይታያሉ።)

በመጀመሪያ ስለ ተወለደበት ቦታ እንናገር። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ደጋ የምንለው ምድር ከመሬት ስንጥቅ እየፈለቀ በወጣ ቅልጥ አለት ተጥለቅልቆ ነበር። ቅልጡ እንደ ጎርፍ እየተንጣለለ፣ አንዱ ንጣፍ ቀዝቅዞ ሲጠጥር ሌላው በላዩ እየፈሰሰ፣ በአንዳንድ ስፍራ ውፍረቱ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚደርስ የባዛልት ክምር ሠራ። የላስታ ተራሮችም ሆኑ የዋድላና የደላንታ አምባዎች የዚሁ ክምር ክፍሎች ናቸው፤ እንደ በሽሎና እንደ ጅጣ ያሉ ወንዞች እየሸረሸሩ ለያይተዋቸው እንጂ በአንድ ወቅት የተያያዙ ነበሩ። በደላንታ አምባ ላይ ገበሬው ምስርና ስንዴ የሚዘራበት ጥቁሩ ዋልካም ቢሆን ከዚያው ከባዛልቱ የተፈጠረ አፈር ነው።

ገደሉን ፊት ለፊት ቆሞ የሚያይ ሰው በሞሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ ንጣፍ በንጣፍ መሆኑን ያስተውላል። ጥቁሩ ባዛልት ነው። በመካከል በመካከል ገርጣ ብሎ የሚታየው ግን በሌላ ዓይነት ፍንዳታ የመጣ ነው፤ እሳተ ገሞራው ቅልጥ ከማፍሰስ ይልቅ የጋለ አመድና ጋዝ በአንድነት ሲተፋ፣ ያ ትኩስ ደመና መሬት ለመሬት እየነጎደ ሄዶ ካረፈበት ላይ ተጣብቆ ይጠጥራል። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ይህን አለት ኢግኒምብራይት ይሉታል። የወገልጤናው ኦፓል የሚገኘው በዚህ ገርጣ አለት ውስጥ ነው፤ ያውም በሁሉም ሳይሆን፣ በሺህ ሜትር በሚለካው ክምር መካከል ውፍረቱ ከአንድ ሜትር በማይበልጥ አንድ ቀጭን ንጣፍ ውስጥ ብቻ ነው።

የዚህ ንጣፍ ታሪክ በአጭሩ ቢነገር የሚከተለው ነው። በሁለት ፍንዳታዎች መካከል ረዘም ያለ ዕረፍት ሆነ። በዚያ ዕረፍት ዝናብ ዘነበበት፤ አመዱ ቀስ በቀስ ወደ አፈርነት ተለወጠ፤ በላዩም ዕፅዋት በቀሉ። ይህን የምናውቀው በኦፓሉ ውስጥ ተቀብረው የቀሩ የዕፅዋት ቅሪቶች ስለተገኙ ነው። በአመዱ ውስጥ የሚሰርገው ውኃ ሲሊካ የተባለውን፣ ለአሸዋና ለመስታወት መሠረት የሆነውን ነገር እያሟሟ ይወስድ ጀመር፤ ከሥር ያለው ሸክላ አፈር ወደ ታች አላሳልፍ ሲለው በየቀዳዳውና በየስንጥቁ ተጠራቀመ። የተጠራቀመውም ሲሊካ ውኃውን በሙሉ ሳይለቅ እየረጋ ሄዶ ደነደነ። ስለዚህ ኦፓል ዛሬም ቢሆን በውስጡ ውኃ አለ፤ ድንጋይ ነው ብለን የምንይዘው ነገር ከፊሉ የዚያ ዘመን ዝናብ ነው ብንል ብዙም አላጋነንን።

በነገራችን ላይ፣ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፋቸውን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ የጅጣን ገደል አልፈው፣ ደላንታን አቋርጠው ነው ወደ በሽሎ የወረዱት። በየገደሉ መንገድ የሚጠርገው ሠራዊት አለት እየፈለጠ ነበር የሚያልፈው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ እርሳቸውን የሚከታተለው የእንግሊዝ ጦር በዚያው አምባ ላይ ሰፈረ። ሁለቱም ወገኖች በኦፓሉ አናት ላይ ተራምደው አለፉ። ቢያዩትስ ኖሮ በዚያች ሰዓት ለማን ምን ይፈይድ ነበር? ድንጋዩ ለዓለም ገበያ የታወቀው በ2000 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1980ዎቹ ከሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝ በኩል ቡናማ ኦፓል ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ብዙው እየተሰነጠቀ ገዢን ስላስቸገረ ዝናው ብዙ አልዘለቀም። የደላንታው ግን ጠንካራ ሆኖ ተገኘ፤ ዛሬ በሩቅ አገር ያለ ዕንቁ ነጋዴ ወሎ የሚለውን ስም የሚያውቀው በአብዛኛው በዚህ ድንጋይ ነው።

ሥራው ግን እንደ ስሙ አይደለም። ንጣፉ ያለው በገደሉ ወገብ ላይ ስለሆነ ቆፋሪው በቀጭን መንገድ ወርዶ፣ በዶማና በመሮ ወደ ጎን እየፈለፈለ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ከአናቱ ያለውን አለት የሚደግፍለት እንጨት አብዛኛውን ጊዜ የለም። ናዳ የወሰደው ወጣት ጥቂት አይደለም። እዚህ ሰሃን ላይ ስላስቀመጥነው ፍሬ ስንናገር ይህን ማለፍ አልወደድንም።

(ምስል፦ በገበያ መደብ ላይ የተደረደረ ብርቱካን። ካሜራው ይቀርባል።)

ወደ ቀለሙ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1964 በአውስትራሊያ ያሉ ተመራማሪዎች ኦፓልን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አጉልተው ሲመለከቱ፣ ሲሊካው እኩል መጠን ባላቸው ድቡልቡል ጥራጥሬዎች ተሠርቶ፣ ጥራጥሬዎቹም በገበያ መደብ ላይ እንደተቆለለ ብርቱካን ረድፍ በረድፍ ተደርድረው አገኟቸው። የአንዱ ጥራጥሬ ስፋት ከ150 እስከ 300 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ይህ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለመገመት፣ በአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ላይ ጎን ለጎን ብንደረድራቸው ሦስት መቶ ያህሉ ይበቃሉ ብንል ይቀላል። የወገልጤናው ጥራጥሬ ከአውስትራሊያው ይልቅ ሸካራ ነው፤ ብርሃን የሚመራበት ሕግ ግን አንድ ነው።

ሕጉን ለማየት ሐይቅ ዳር እንውረድ። ከእስጢፋኖስ ገዳም ፊት ለፊት ባለው በረጋው ውኃ ላይ ሁለት ጠጠር አራርቀን ብንወረውር፣ ከሁለቱም የሚነሣው ማዕበል እየሰፋ ሄዶ መሀል ላይ ይገናኛል። የአንዱ ጉብታ ከሌላው ጉብታ ጋር ሲገጥም ማዕበሉ ከፍ ይላል፤ የአንዱ ጉብታ ከሌላው ጉድጓድ ጋር ሲገጥም ግን ተጣፍተው ውኃው እንደተኛ ይቀራል። ብርሃንም ማዕበል ነው። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የማዕበሉ ርዝመት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሐምራዊው አጭሩ፣ ቀዩ ረጅሙ ነው። ነጭ ብርሃን ኦፓሉ ውስጥ ሲገባ ከመጀመሪያው ረድፍ ጥቂቱ፣ ከሁለተኛው ጥቂቱ፣ ከሦስተኛውም ጥቂቱ ይመለሳል፤ ከየረድፉ የሚመለሱት ማዕበሎች ጉብታ ለጉብታ የሚገጣጠሙት ለአንድ ርዝመት ብቻ ነውና ያ አንዱ ቀለም ደምቆ ሲወጣ ሌሎቹ እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ። ድንጋዩን ስናዞር ብርሃኑ በረድፎቹ መካከል የሚጓዘው መንገድ ይለወጣል፤ መንገዱ ሲለወጥ የሚገጥመውም ቀለም ይለወጣል። ብርቱካናማው አረንጓዴ የሆነብን ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፤ ነጋዴዎችም ምክንያቱን ባይተነትኑት ውጤቱን ጠንቅቀው ያውቁታል። ጥራጥሬዎቹ ትናንሽ ከሆኑ ድንጋዩ ሰማያዊና ሐምራዊ ብቻ ነው የሚሰጠው። ቀይ ለመስጠት ጥራጥሬዎቹ ተለቅ ያሉ ሆነው፣ ሳይዛነፉም በሥርዓት የተደረደሩ መሆን አለባቸው፤ ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ስለዚህም ቀይ የሚብለጨለጭበት ኦፓል ዋጋው ከሌላው ይበልጣል። መጠናቸው የተዘበራረቀ ሆኖ እንዲሁ የተከመሩ ከሆነ ደግሞ ድንጋዩ ኦፓል መሆኑ ባይቀርም ምንም ብልጭታ የለውም፤ ቆፋሪ ከሚያወጣው ብዙው እንዲህ ያለው ነው።

(ምስል፦ ብርጭቆው። ድንጋዩን ለማየት ካሜራው ጥቂት ይፈልጋል።)

አሁን ወደ ብርጭቆው እንመልከት። ለእናንተ ደቂቃዎች ይሁን እንጂ ለእኛ ሁለት ሰዓት ያህል አልፏል፤ ቀርጸን አሳጥረነዋል። ወተት መሳዩ ድንጋይ የለም። በቦታው መስታወት የመሰለ፣ ከውኃው ጋር ሊምታታ ምንም ያልቀረው ነገር ተቀምጧል፤ ብልጭታውም እጅግ ደክሟል። ድንጋዩ አልሟሟም፤ ውኃ ጠጥቶ ነው። የወገልጤና ኦፓል በጥራጥሬዎቹ መካከል በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፤ ደረቅ ሲሆን እነዚያን ቀዳዳዎች የሚሞላው አየር ነው፤ ብርሃንም ከሲሊካ ወደ አየር፣ ከአየር ወደ ሲሊካ ሲሻገር በየአቅጣጫው ስለሚበተን ድንጋዩ ነጭ ሆኖ ይታየናል። ውኃ አየሩን ሲተካው፣ ብርሃን በውኃና በሲሊካ ውስጥ የሚጓዝበት ሁኔታ ተቀራራቢ ስለሆነ መበተኑ ይቀንሳል፤ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ክረምት ላይ ዝናብ የመታው ነጭ ነጠላ ገላን እንደሚያሳየው ማለት ነው። ነጠላው ሲደርቅ ነጭነቱ እንደሚመለስ ሁሉ፣ ይህም ድንጋይ አውጥተን ብናስቀምጠው በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ይህ ጠባዩ ለገዢ ሁለት ጣጣ አለው። የመጀመሪያው ክብደት ነው። ጠጪ ኦፓል ውኃ ሲጠግብ ክብደቱ እስከ አሥር በመቶ የሚጠጋ ሊጨምር ይችላል፤ ኦፓል ደግሞ የሚሸጠው በግራም ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከዓመታት በፊት ከውኃ ዕቃ ውስጥ እየተመረጠ ከሚሸጥ ኦፓል ላይ አንድ ፍሬ ገዝቶ፣ ቤት ወስዶ ሲደርቅ በክብደቱም በጥራቱም ሌላ ድንጋይ ሆኖ አግኝቶታል። ሻጩን አንወቅስም፤ እርጥቡን ያየነው እኛው ነን፤ ሳይደርቅ የመዘንነውም እኛው። ሁለተኛው ጣጣ ድንጋዩ የሚጠጣው ውኃ ብቻ አለመሆኑ ነው። ዘይትም፣ ሽቶም፣ የእጅ ቅባትም፣ የልብስ ቀለምም ይጠጣል፤ ከውኃ በቀር የገባበት ደግሞ በቀላሉ አይወጣም። አንዳንዶች ይህንኑ አውቀው ማቅለሚያ ያጠጡታል፤ ወይም በጭስ ያጠቁሩትና እንደ ውዱ ጥቁር ኦፓል ይሸጡታል። ብልጭታው እውነተኛ ሆኖ መደቡ፣ ማለትም ከብልጭታው በስተጀርባ ያለው የድንጋዩ ቀለም፣ ከወትሮው በተለየ ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ ወይም በስንጥቆቹ ላይ ቀለሙ ከሌላው ቦታ ጠቁሮ ከታየ መጠራጠር ተገቢ ነው።

ቀለበት አድርጎ የሚይዘው ሰው ዕቃ ሲያጥብና ሽቶ ሲቀባ ያውልቀው፤ ወጥ ሲሠራም እንዲሁ፣ ቅቤ ከገባበት ነጭነቱን ያጣልና። ጥንካሬው ከአሸዋ ፍሬ ስለሚያንስ አቧራ ባለው ጨርቅ አይወልውለው፤ አቧራው ይጭረዋል። ከረጠበም ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አያስቀምጠው፤ በድንገት የሚደርቅ ኦፓል ሊሰነጠቅ ይችላል። እኛም የራሳችንን ከብርጭቆው አውጥተን፣ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስቀምጠን፣ ጥላ ውስጥ ትተነዋል።

(ምስል፦ በማግስቱ ጠዋት። ጨርቁ ላይ ያለው ድንጋይ ዙሪያው ነጥቷል፤ መሀሉ ገና መስታወት ነው።)