ልኩን እንሩጥ፦ በከተማችን የበጎ አድራጎት ሩጫ ዋዜማ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ።

የዕድር ዳኞች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የጤና ጣቢያችን ነርሶችና አዋላጆች፣ መምህራን፣ ባጃጅ የምትነዱ ልጆቻችን፣ ነገ ውሃ የምታድሉ ተማሪዎች፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ነገ በሌሊት ስለምትነሱ ብዙ አላቆያችሁም። ግን ሳልናገረው ብቀር የሚቆጨኝ ነገር አለ።

ከቃሬዛው ልጀምር።

እዚህ ከተቀመጥነው ትልልቅ ሰዎች መካከል ቃሬዛ ተሸክሞ የማያውቅ ጥቂት ነው። ከቆላው ቀበሌ ምጥ የጠናባት ሴት ስትኖር እንዴት እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። ሁለት ረጅም እንጨት፣ መሐሉ ላይ ጠፍር፣ ከላይ ጋቢ። አራት ሰው ይሸከማል። ሌላው ከኋላ ይከተላል፤ የደከመውን ይቀይራል። ዳገት ሲመጣ የፊተኞቹ ዝቅ፣ የኋለኞቹ ከፍ ያደርጋሉ፤ እሷ እንዳትንሸራተት። እየሮጡ ይነጋገራሉ፣ እየሮጡ ይጸልያሉ። አንደኛ የሚወጣ የለም። ይህች ከተማ ሩጫ የተማረችው ከዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔ መጀመሪያ ቃሬዛ የተሸከምኩት የ16 ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። ያቺ ሴት በሰላም ተገላገለች። ልጇን ዛሬም ገበያ ላይ ሳየው ደስ ይለኛል። ሁለተኛዋ ግን አስፋልቱ ጋ ሳንደርስ አረፈች። ቃሬዛውን ይዘን ስንመለስ እስከ መንደሯ ድረስ አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም። የነገው ሩጫ ለምን እንደሚሮጥ የሚጠይቀኝ ሰው ሲኖር ያ መንገድ ነው ትዝ የሚለኝ።

በጤና ጣቢያችን ግቢ ያለውን የእናቶች ማቆያ ታውቁታላችሁ። ሐሳቡ ቀላል ነው። የመውለጃዋ ጊዜ የደረሰ፣ ቤቷ ሩቅ የሆነች እናት ምጥ እስኪይዛት አትጠብቅም። ቀድማ ትመጣለች። እዚያው ታድራለች። ምጡ ሲመጣ አዋላጇ ጥቂት እርምጃ ናት። ቃሬዛም አያስፈልግ፣ ሌሊትም አያስፈራ።

ግን ማቆያው ባዶ ክፍል ከሆነ ማን ይመጣል? እናቶቹን ጠይቀናቸዋል። የሚመልሱት እውነት ነው። «ብርዱን አልችለውም» ትላለች አንዷ። «ማን ያበላኛል?» ትላለች ሌላዋ። ገንፎ የሚያገነፋላት፣ ቡና የሚያፈላላት ሰው የሌለባት ቤት ለአራስ ቤት አይደለም። ስለዚህ ከነገው ሩጫ የሚገኘው ገንዘብ የሚውለው ለአልጋና ለብርድ ልብስ፣ ለገንፎ ዱቄትና ለቅቤ፣ ለማገዶ ነው። ለሌላ ለምንም አይደለም።

ይህ የእኛ ከተማ ችግር ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ100 ወሊድ በጤና ተቋም የሆነው 48ቱ ነበር። ከግማሽ በላዩ እቤት ነው ማለት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የ2008ቱ ጥናት ደግሞ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት እንደሚሞቱ ገምቷል። እኔ ቁጥር ሲነበብ ቶሎ የሚገባኝ ሰው አይደለሁም። ከእነዚያ መካከል የአንዷን ክብደት ግን ትከሻዬ ያውቀዋል።

«ታዲያ ለምን ሩጫ? ለምን ብሩን በቀጥታ አንሰበስብም?» ያላችሁኝ አላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ቴሪ ፎክስ የሚባል ካናዳዊ ወጣት ነበር። በካንሰር ምክንያት ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል። እ.ኤ.አ. በ1980 በሰው ሠራሽ እግር አገሩን ከዳር እስከ ዳር ሊሮጥ ተነሣ። በየቀኑ የማራቶን ያህል ሮጠ። ለካንሰር ምርምር የጠየቀው ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር ብቻ ነበር። በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ሕመሙ ሳንባው ላይ ተገኘና ቆመ። ጉዞውን አልጨረሰም። ገንዘቡ ግን በቀጣዩ ዓመት የካቲት ላይ ከ24 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ያን ጊዜ የአገሩ ሕዝብም ያንኑ ያህል ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ዶላር፣ ልክ እንደጠየቀው።

እኔን የሚገርመኝ ከመጠኑ ይልቅ ጥያቄው ነው። አንድ ዶላር የሌለው ሰው የለም። ሀብታም ቢሰጥ ጥሩ ነው፣ እናመሰግናለን። ነገር ግን ጉሊት የምትውለው እናት አሥር ብሯን ይዛ ስትመጣ የት ትቁም? በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ? ሩጫ ላይ ከሁሉም እኩል መነሻው መስመር ላይ ትቆማለች። ለእኔ መልሱ ይኸው ነው።

አገራችንም ይህን አይታዋለች። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ታላቁን ሩጫ ሲጀምር፣ በኅዳር 1994 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ 10,000 ሰው ነበር የተመዘገበው። ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይወጣል። አብዛኛው ለማሸነፍ አይደለም የሚሄደው። ሰው ከሰው ጋር በአንድ መንገድ ላይ መሆን ስለሚፈልግ ነው።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልግባ። ይህ የእኛ ሩጫ በተጀመረበት ዓመት ሦስት ነገር አጥፍተናል። አስተባባሪው እኔ ስለነበርኩ ጥፋቱ የእኔ ነው።

አንደኛው ርቀቱ ነው። 5 ኪሎ ሜትር ብለን አስነገርን። የለካነው ግን በመኪና ነበር፤ የመኪናው ኪሎ ሜትር ቆጣሪ 5 ሲል «እዚህ ጋ መድረሻ» ብለን ኖራ አሰመርን። አንድ የዚህ ከተማ ልጅ አንደኛ ወጣ። ሰዓቱ ድንቅ ነበር። ያንን ሰዓት ይዞ አዲስ አበባ ለአንድ ክለብ ሙከራ ሄደ። እዚያ ትራክ ላይ ሲሮጥ ከአንድ ደቂቃ በላይ ዘገየ። አልተቀበሉትም። ከዚያ የባሰው ግን ውሸታም መባሉ ነው። ልጁ አልዋሸም። የዋሸው የእኛ መንገድ ነው። በኋላ በትክክል ስንለካው ወደ 400 ሜትር ያጥር ነበር።

ሄጄ ቤተሰቡ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ይቅር አለኝ። ነገ ደግሞ ይሮጣል፤ እግዜር ይስጠው።

ከዚያ በኋላ መንገድ እንዴት እንደሚለካ ጠይቀን ተማርን። የትልልቆቹ ሩጫዎች መንገድ የሚለካው በብስክሌት ነው። መጀመሪያ ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ 300 ሜትር በብረት ሜትር ይለካል። የጨርቅ ሜትር ስለሚለጠጥ አይሆንም። ከዚያ ብስክሌቱ ያንን 300 ሜትር አራት ጊዜ ይሄዳል፤ ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቆጠራል። ባለሙያዎቹ ፊተኛው ጎማ ላይ የሚታሰር ቆጣሪ አላቸው። እኛ ስለሌለን ልጆቻችን የጎማው መንፊያ ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው፣ አንዱ እየነዳ፣ ሁለቱ ከጎን እየሄዱ ቆጠሩ። ጠዋት ጎማው ቀዝቃዛ ነው። ፀሐይ ሲወጣ አየሩ ይሞቅና ጎማው በጥቂቱ ያብጣል፤ ቆጠራው ይለወጣል። ስለዚህ ለክተው ሲጨርሱ ወደ 300 ሜትሯ ተመልሰው እንደገና አራት ጊዜ መሄድ ነበረባቸው። መታጠፊያ ላይ ደግሞ ሯጭ የሚያልፍበትን አጭሩን መስመር፣ ከመንገዱ ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀው ይዘዋል። መጨረሻ ላይ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር አንድ ሜትር ይጨመራል። መንገዱ እንዳያጥር ነው። ስለዚህ የነገው 5 ኪሎ ሜትር በልኬታችን 5,005 ሜትር ነው።

«ለበጎ አድራጎት ሩጫ ይህ ሁሉ ለምን?» ይባል ይሆናል። ርቀቱን ያልጠበቀ ሰው ብሩን ይጠብቃል ብሎ ማን ያምናል?

ሁለተኛው ጥፋት እሱ ነበርና። ያኔ ሩጫው እንዳለቀ በደስታ መድረክ ላይ ወጥቼ የተሰበሰበውን በሙሉ ተናገርኩ። አጨበጨባችሁ። ጤና ጣቢያው የደረሰው ግን ከዚያ ያነሰ ነበር። ማንም አልሰረቀም። የቲሸርት ማሳተሚያ ነበር፣ የድምፅ ማጉያ ኪራይ ነበር፣ የትራንስፖርት ነበር። እኔ ግን ወጪውን አልተናገርኩም። በየቡናው ላይ «ብሩ የት ገባ?» ተባለ። መባሉ ልክ ነው። እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር።

ዕድሮቻችን ይህን ከእኛ በፊት ያውቁታል። የዕድር ጸሐፊ መዝገቡን ሲያነብ የገባውን፣ የወጣውን፣ የቀረውን ያነባል። አንድ ኩባያ ቢሰበር እንኳ ይጻፋል። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሒሳባችንን የያዙልን የዕድር ጸሐፊዎች ናቸው። ውጤቱ በሳምንቱ ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ደረሰኙን ማየት የፈለገ ሰው ገብቶ ያያል። ቲሸርቱንም ዘንድሮ ትተነዋል። እንደምትወዱት አውቃለሁ። ግን የመመዝገቢያው ብር ትልቁ እጅ እሱ ላይ ያልቅ ነበር። ቁጥር በመርፌ ቁልፍ ደረታችሁ ላይ ትሰካላችሁ፣ ያላችሁን ልብስ ትለብሳላችሁ። ለአንድ ቲሸርት ይወጣ የነበረው ለአራስ ገንፎ ይሁን።

ስለ ነገው ጥቂት ልበል። መነሻው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። በጎ ፈቃደኞች 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጤና ጣቢያው በር እንገናኝ። ባጃጆች በየመገንጠያው ቆማችሁ መንገዱን ትዘጋላችሁ፤ ትራፊክ ፖሊሶቹ ቦታችሁን ያሳዩአችኋል። ወደ ደሴ የሚያልፍ መኪና እየተጠበቀ በአንድ ጎን ያልፋል። መንገድ ዳር ቤት ያላችሁ፣ እባካችሁ ውሻችሁን እሰሩ። ውሃው በዕድር ኩባያ ነው የሚታደለው፤ ኩባያውን ሜዳ ላይ አትጣሉት፣ ቆሞ የሚቀበላችሁ ልጅ አለ።

ይህቺን ግን በደንብ ስሙኝ። ሰው ወድቆ ሲጠሩት ካልመለሰ፣ ትንፋሹም ልክ ካልሆነ፣ ውሃ አታፍስሱበት፤ ከብባችሁም አየር አትከልክሉት። አንዳችሁ አምቡላንሱን ጥሩ። ሌላው ወዲያው ደረቱን መሐል ለመሐል በሁለት እጁ፣ ክንዱን ሳያጥፍ፣ ጠንከር አድርጎ መጫን ይጀምር። 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ነርሶቻችን እስኪደርሱ አታቁሙ። ትናንት ያሠለጠኗችሁ 12 ልጆች ቀይ ሻርፕ አድርጋችሁ በመንገዱ ሁሉ ትቆማላችሁ። እንዳታፍሩ። ብትሳሳቱ እንኳ ዝም ብሎ ከማየት ይሻላል።

ሦስተኛው ጥፋታችን ቀረ።

በመጀመሪያው ዓመት ሯጮቹ ገቡ፣ ሽልማት ተሰጠ፣ ፀሐዩ በረታ። ሰዉ ተበተነ። እኛም የመድረሻውን ገመድ ጠቅልለን ድንኳኑን ነቀልን። ወንበሩን ጋሪ ላይ እየጫንን ሳለ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቁጥራቸውን ደረታቸው ላይ እንደሰኩ፣ በእግራቸው ቀስ እያሉ መጡ። 5 ኪሎ ሜትሩን ተራምደው ነው የጨረሱት። ቆም አሉና ግራ ቀኝ አይተው «ልጄ፣ መድረሻው የት ነው?» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ገመዱ እጄ ላይ ነበር።

ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትሩን ስታሸንፍ ቀድማ ገብታ ዝም ብላ ወደ ደስታዋ አልሄደችም። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር እስክትገባ ጠበቀቻት። ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ያንን በቴሌቪዥን ስናይ አልቅሰናል፣ እኮ እናስታውሳለን። እኛ ግን በገዛ ከተማችን ለገዛ እናታችን መጠበቅ አቃተን።

እኚያ እናት ዘንድሮም ተመዝግበዋል። ቁጥራቸው 1 ነው። በዕድሉ ወጥቶላቸው አይደለም፤ እኔ ራሴ ነኝ የጻፍኩላቸው። ነገ ከሁሉም በኋላ ሁለት የጤና ጣቢያችን ሠራተኞች በእርጋታ አብረዋቸው ይሄዳሉ። ጡሩምባ ነፊያችንም ከድንኳኑ አይነቃነቅም። እርሳቸው ከመታጠፊያው ብቅ ሲሉ ጡሩምባው ይነፋል። የሮጣችሁም፣ ያስተባበራችሁም፣ ቡና ልትጠጡ የገባችሁም ያኔ ውጡ። ገመዱ እስከዚያ ድረስ እንደተወጠረ ይቆያል።

አመሰግናለሁ። ደህና እደሩ።