መጽሐፉ 100 ይላል፣ ደብረ ብርሃን 91

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው በተለይ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው፤ ወላጆችም አብራችሁ ብትሰሙ ደስ ይለኛል።

ተማሪዎቼ "አስገራሚ የሳይንስ እውነታዎች" የሚሉ ቪዲዮዎችን በጣም ይወዳሉ። ኦክቶፐስ ሦስት ልብ አለው፣ የፀሐይ ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። እውነት ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ደብረ ብርሃን ተቀምጦ የኦክቶፐስን ልብ ሊቆጥር የሚችል ልጅ የለም። ሰምቶ ይገረማል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እኔ የምመኘው ራሳችሁ ለክታችሁ፣ ራሳችሁ አይታችሁ እንድትገረሙ ነው። ለዚህ ደግሞ ሰሜን ሸዋ የታደለ አገር ነው።

ከውሃ ልጀምር። አንድ ቀን ተማሪዎቼን በቡድን ከፍዬ ውሃ አፍልተው ሙቀቱን እንዲለኩ አደረግሁ። አንዷ ጎበዝ ተማሪዬ ቴርሞሜትሩን አንብባ ደብተሯ ላይ 91 ብላ ጻፈች። ሌሎቹን አይቼ ስመለስ 91ዱ በላጲስ ጠፍቷል፤ ወረቀቱ እስኪሳሳ ተፍቆ በላዩ 100 ተጽፎበታል። "ምነው አጠፋሽው?" አልኳት። "ቲቸር፣ መጽሐፉ 100 ነው የሚለው" አለችኝ።

ይኼ ነገር እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። ያጠፋችው እኮ ትክክለኛውን ቁጥር ነው! መጽሐፉም አልዋሸም፤ 100 ዲግሪ ሲል በባሕር ወለል ላይ ባለው የአየር ግፊት ማለቱ ነው። ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከበላያችን የሚቀረው አየር ትንሽ ስለሆነ ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው 72 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት በላዩ የተጫነውን የአየር ግፊት ሲስተካከል ነው። እኛ ጋ ጫናው ቀላል ስለሆነ ገና 91 አካባቢ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ እሳት ብትጨምሩበት ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም።

እናቶቻችን ይህን ከምድጃው አጠገብ ሆነው ያውቁታል። ቆላ ባለችው ሸዋ ሮቢት ላይ ውሃ የሚፈላው 96 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ባቄላውም ሽንብራውም ቶሎ ይበስላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ያው ባቄላ ብዙ ማገዶ ይፈጃል። ከቆላ ተድራ የመጣች ሴት ባቄላው አልበስል ሲላት ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ፕሬሸር ኩከር የሚረዳውም ለዚህ ነው፤ ክዳኑ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርገው ውሃው ከ100 በላይ ይሞቃል።

ወደ ሸዋ ሮቢት የምትወርዱ ከሆነ ደግሞ ይህን ሞክሩት። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ከፍ ያለው ጣርማበር ላይ የፕላስቲክ ውሃችሁን ጠጥታችሁ ጨርሱና ባዶውን ጠርሙስ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉት። ዋሻውን አልፋችሁ ደብረ ሲና ስትደርሱ ጎኑ ስርጉድ ማለት ይጀምራል። ሸዋ ሮቢት ላይ ተጨማዶ ታገኙታላችሁ። ውስጡ ያለው የጣርማበር ስስ አየር ነው፤ ከውጭ የሚገፋው የቆላው ከባድ አየር። መንገድ ላይ ጆሯችሁን የሚደፍናችሁም ይኸው የግፊት ለውጥ ነው።

የወረዳችሁበት ገደል ራሱ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው። ዳርና ዳሩ ያለው ጥቁር ድንጋይ በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ቀልጦ ፈስሶ የረጋ ባዛልት ነው፤ በጂኦሎጂ ካርታ ላይ "የጣርማበር ባዛልት" ተብሎ የተመዘገበ አለ። ከሥር ያለው መሬት ዛሬም በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ግራና ቀኝ እየተራራቀ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ ተራራ አካባቢ እየተነሣ ቤታችንን ያንቀጠቀጠውን የመሬት መንቀጥቀጥ አልረሳችሁትም መቼም።

የደገኛ ደምም ተጠንቷል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን መርምሮ ሄሞግሎቢናቸው፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው የደማቸው ክፍል፣ መጠኑ በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ግን በጣም ከፍ ይልባቸዋል።

አሁን ከሁሉ አብልጬ ወደምወደው፣ መንዝ ውስጥ ወዳለው የጓሳ ደጋ ልውሰዳችሁ። ጭላዳ ዝንጀሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም፤ ከዝንጀሮ ወገን በዋነኛነት ሣር እየጋጠ የሚኖረው እሱ ብቻ ነው። ቀይ ቀበሮም የእኛው ብቻ ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም። ጓሳ ላይ ሁለቱ አብረው ይውላሉ። ቀበሮው በመንጋው መካከል ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ግልገሎቹን አይነካም፣ እነሱም አይሸሹትም። ውሻ ቢመጣ ግን መንጋው ወደ ገደሉ ይፈተለካል።

ለምን ይቻቻላሉ? በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የጓሳ ጥናት ቆጥሮታል። ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሲያድን ከሙከራው የሚሳካለት 25 በመቶ ነው። በጭላዳዎቹ መካከል ሲሆን 67 በመቶ! አንድ ጊዜ ብቻ አንድ ቀበሮ የጭላዳ ግልገል ነጠቀ፤ መንጋው ተረባርቦ አስጥሎ አባረረው፤ በኋላም ሊመለስ ሲል አላስጠጉትም።

ምክንያቱ ግን ገና አልለየም። ሣር የሚነጩት ጭላዳዎች አይጦቹን ከጉድጓዳቸው እያስወጡለት ይሆን? ወይስ አይጦቹ በዚያ ሁሉ እንቅስቃሴ መካከል ቀበሮውን መለየት እያቃታቸው? መሐል ሜዳና በዙሪያው ያላችሁ፣ ከብትና በግ ስትጠብቁ ይህን ያያችሁ ልጆች፣ ጻፉልኝ። ሰዓቱ ስንት ነበር? መንጋው እየጋጠ ነበር ወይስ አርፎ? ቀበሮው ከመዝለሉ በፊት ጭላዳዎቹ ምን ያህል ቀርበውት ነበር? የሚደርሰኝን በሚቀጥለው ክፍል አነባለሁ።