የታይሮይድ ሐኪማችሁ ሄደ? ከጎጃም ሆናችሁ አዲስ ስፔሻሊስት ስትፈልጉ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ ደጋግማችሁ ስትጠይቁኝ የከረማችሁትን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። «ለታይሮይድ የሚከታተለኝ ሐኪም ተዛወረ፣ አሁን ማን ጋ ልሂድ?» ከሞጣ ጠይቃችኋል። ከቡሬ ጠይቃችኋል። ከዳንግላ፣ ከቢቸና፣ ከደጀን ጠይቃችኋል። ሐኪሙ ለትምህርት ሄደ፣ ወይ ተዛወረ፣ ወይ ክሊኒኩ ተዘጋ። በሽተኛው ግን እዚያው ነው። ክኒኑም እያለቀ ነው።

ቪዲዮውን አሁኑኑ አቋርጦ የሚሄድ ሰው ካለ ይህችን ብቻ ይዞ ይሂድ። አዲስ ሐኪም እስክታገኙ ድረስ መድኃኒቱ አይቋረጥ። ወረቀታችሁም ከእጃችሁ አይጥፋ። እነዚህ ሁለቱ ካሉ፣ የሚቀጥለው ሐኪም ያኛው ካቆመበት ይቀጥላል። ከሌሉ ከዜሮ ይጀምራል፤ ወጪውም ጊዜውም የእናንተው ነው።

እሺ። ታይሮይድ ምን እንደሆነች በዚህ ቻናል ለቆየ ሰው ብዙ አልነግረውም። አንገት ላይ፣ ከማንቁርት ዝቅ ብላ ያለች ዕጢ ናት። ቲ4 እና ቲ3 የሚባሉ ሆርሞኖች ትሠራለች። አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ ደግሞ ቲኤስኤች በሚባል ሆርሞን በኩል ታዛታለች። ይኸው ነው። ግን ሁሌም ሰው የሚደናገርበት አንድ ቦታ አለ። «ቲኤስኤች ከፍ ብሏል ተባልኩ። ታዲያ ዕጢሽ ደክማለች የሚሉኝ እንዴት ሆኖ ነው?»

ይህችን በበሬ ነው የማስረዳችሁ። ጎጃም ተወልዶ በበሬ ሲነገረው የማይገባው ሰው የለም!

(ምስል፦ ጥማድ በሬ፣ የተከፈተ ትልም)

ገበሬው ገና ጎህ ሲቀድ ጠምዷል። በአንድ እጁ እርፍ፣ በአንድ እጁ ጅራፍ ይዟል። በሬው ታይሮይድ ነው። ገበሬው ፒቱታሪ ነው። ጅራፉ ቲኤስኤች ነው። በሬው ደህና ከሆነ ገበሬው ጅራፉን አልፎ አልፎ ነው የሚያጮኸው። አንዴ ጧ! በቃ፣ እርሻው ይሄዳል።

አሁን በሬው ደከመ እንበል። ትልሙ መሀል ቆም ቆም ይላል። ገበሬው ምን ያደርጋል? ጅራፉን ያበዛል። ጧ! ጧ! ጧ! ማዶ ያለ ጎረቤት ይሰማና «ዛሬ የዚያ ሰው ጅራፍ ምነው በዛ?» ይላል። ያ ጎረቤት ላቦራቶሪው ነው። በሬውን አላየውም፤ የሰማው ጅራፉን ነው። ጅራፉ ከበዛ በሬው ደክሟል ማለት ነው። ቲኤስኤች ከፍ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ታይሮይድ ደክማለች ማለት ነው።

ደግሞ ተቃራኒውን እንይ። በሬው ደነበረ። ይሮጣል፣ ሞፈር ሊሰብር ነው። ገበሬው ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ «ቁም! ቁም!» ይላል። ጅራፉ ጸጥ አለ። ቲኤስኤች ወደ ዜሮ ወረደ። ታዲያ በሬውን የሚያስሮጠው ማን ነው? ከጥሻው ውስጥ የተደበቀ ሌላ ሰው አለ። ገበሬው ሳያዝ በሬውን በዱላ ይጎሽመዋል። ግሬቭስ የሚባለው በሽታ ይሄ ነው። የራሳችን መከላከያ የሠራው አንቲቦዲ ዕጢዋን ያለ ትእዛዝ ያስሮጣታል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው እየበላ ይከሳል።

ለደከመችው ዕጢ የሚሰጠው መድኃኒትስ? የጎደለውን ሆርሞን የሚተካው ክኒን፣ ሌቮታይሮክሲን፣ የውሰት በሬ ነው። የራስህ በሬ ደከመ፣ ከጎረቤት አምጥተህ ጠመድክ። እርሻው ሲቀና ገበሬው ጅራፉን ይቀንሳል። ቲኤስኤች ወረደ፣ ውጤቱ «ኖርማል» ተባለ። ግን ልብ በሉ፣ በሬው አልዳነም! የሚያርሰው የውሰቱ በሬ ነው። ይህችን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። ደግሞም ገበሬው አዲስ በሬ ሲጠመድለት ወዲያው አያምንም። ጅራፉን የሚቀንሰው ቀስ እያለ ነው። የመድኃኒት መጠን ከተቀየረ በኋላ ቲኤስኤች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ተጠብቆ የሚለካው ለዚህ ነው። በሳምንቱ ሮጣችሁ ብትለኩ ገንዘባችሁን ነው የምትጨርሱት።

ይህን ቪዲዮ በቤታችሁ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ላኩለት። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም አድርጉ፤ ደወሏንም ተጫኗት። ወደ ሐኪሙ እንሂድ።

ማን ጋ ነው የሚኬደው? ብዙ ሰው ችግሩ አንገት ላይ ስለሆነ «አንገት በላይ ሐኪም» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ በቀጥታ ቀዶ ጥገና ሐኪም ይፈልጋል። የሆርሞኑን መብዛትና ማነስ የሚያክመው ግን የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ነው። ከውስጥ ደዌ በላይ በሆርሞን ብቻ የሠለጠነው ደግሞ ኢንዶክራይኖሎጂስት ይባላል። ቀዶ ጥገና የሚመጣው እንቅርቱ ትልቅ ሆኖ መተንፈሻ ወይም መዋጫ ሲጫን፣ እብጠቱ ካንሰር ነው ተብሎ ሲጠረጠር፣ ወይም መድኃኒቱ አልሆን ሲል ነው።

እና እዚህ ላይ የራሴን አቋም ልናገር። ሁሉም የታይሮይድ ታማሚ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ መሄድ የለበትም። መጠኑ የተስተካከለለት፣ ሌቮታይሮክሲን የሚወስድ ሰው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወይም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ያለ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት በሚገባ ይከታተለዋል። እንቅርት ለአገራችን ሐኪም እንግዳ አይደለም። ደጋ ነን፤ አፈሩን ዝናብ አጥቦታል፣ ሲያንስ እንቅርት የሚያመጣው አዮዲንም አብሮ ሄዷል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ በአሰብና በምጽዋ ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው ቀረ። አገሩ ወደ አፍዴራ ጨው ዞረ፣ አዮዲን ወደሌለው። ለምግብ የሚሆን ጨው አዮዲን እንዲኖረው በመንግሥት ደንብ የተደነገገው በ2003 ዓ.ም. ነው። በዚያ መሀል ስንት ሰው በእንቅርት አደገ! የጎጃም ሐኪም ይህን አንገት ሲዳብስ ነው የኖረው።

ኢንዶክራይኖሎጂስት የግድ የሚያስፈልገው መቼ ነው? ግሬቭስ ኖሮባችሁ በመድኃኒት እምቢ ካለ። ዓይን ወደ ውጭ ከወጣ፣ ከዓይን ሐኪም ጋር አብሮ። ካንሰር ከነበረ። እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ። እርጉዝ ሴት በተለይ ቀጠሮ አትጠብቅ፤ የሌቮታይሮክሲን መጠኗ ብዙ ጊዜ መጨመር አለበት፣ ያውም ገና ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት።

የጤና መድን አባል ከሆናችሁ ሪፈር ሳትይዙ አትነሱ። ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ነው የሚኬደው። አለዚያ ወጪው ከኪስ ነው። ወደ ግል ክሊኒክ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ ስፔሻሊስቱ የሚመጣው በተወሰነ ቀን ወይም ማታ ማታ ሊሆን ይችላል። «ዶክተር፣ ስፔሻሊቲዎ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በአክብሮት ይጠየቃል፣ በአክብሮት ይመለሳል።

ቆይ፣ ቆይ። ወደሚቀጥለው ሳልሄድ ባለፈው ቪዲዮ ሥር የመጣ አንድ ነገር አለ። አንድ ሰው ጻፈው፣ ሌላው ተቀበለው፣ ሌላው ደገመው። «አዲስ ሐኪም ጋ ከመሄዴ በፊት መድኃኒቱን አንድ ወር አቆማለሁ። ያኔ እውነተኛው ውጤት ይታያል።»

ወገኖቼ፣ በፍጹም! ሐኪም መጥፋቱ አንሶ መድኃኒት ማቆም በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሰው «ኖርማል» የሚል ወረቀት አየ። «ድኛለሁ ማለት ነው፣ መድኃኒቱ ይሆናል የሚደብቀው» አለ። የውሰቱን በሬ አስታወሳችሁ? ቲኤስኤች የወረደው እሱ ስላረሰ ነው። ፈትታችሁ ስትሰዱት የሚታየው እውነት፣ የራሳችሁ በሬ እንደደከመ ነው። እሱን ደግሞ አዲሱ ሐኪም ከድሮው ወረቀት ያነበዋል! መታመም አያስፈልግም። አዲሱ ሐኪም ማወቅ የሚፈልገው «በዚህ መጠን ላይ እያለች ውጤቷ ስንት ነው?» የሚለውን ነው። መድኃኒቱን አቁማችሁ ከሄዳችሁ ይህንን ጥያቄ ማንም አይመልስለትም።

የደነበረውን በሬ የሚያረጋጉትን መድኃኒቶች፣ ፒቲዩ ወይም ካርቢማዞል፣ የምትወስዱማ ከዚህም ይብሳል። ድንገት ማቆም ሆርሞኑን መልሶ ያንረዋል። ትኩሳት፣ የልብ መዛባት፣ ራስን መሳት ድረስ ሊያደርስ ይችላል። ሰው ይገድላል። ማቆም የሚያስፈልጋቸው ልዩ ምርመራዎች አሉ፤ ግን ያንን የሚያዝዘው ሐኪሙ ነው፣ ቀኑንም ቆጥሮ ይሰጣችኋል።

ከምርመራ በፊት ማድረግ የምትችሉት ሁለት ነገር ነው። የዕለቱን ሌቮታይሮክሲን ደሙን ከሰጣችሁ በኋላ ዋጡት። ለጸጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠውን ባዮቲን ደግሞ ቢያንስ ከ2 ቀን በፊት አቁሙ፤ ውጤቱን ያዛባል። ስትዋጥ ደግሞ ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ከቁርስም ከቡናም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድማ ነው። ከብረትና ከካልሲየም ክኒን 4 ሰዓት ትራቅ። የሚጾም ሰው እንዲያውም ይቀናዋል። አስቀዳሽ ቆራቢ የሆነ ደግሞ ከራት 3 ሰዓት በኋላ ማታ መውሰድ ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ።

እሺ፣ ቀጠሮው ደረሰ። ምን ትይዛላችሁ? አንድ የፕላስቲክ ማኅደር። ውስጡ የድሮ የላቦራቶሪ ወረቀቶች በቀን ቅደም ተከተል። ወረቀቱን ስልክ ላይ ፎቶ ስታነሱ ቁጥሩን ብቻ አታንሱ። ጎኑ ላይ ያለችውን «ከዚህ እስከዚህ» የምትለዋን መስመርና መለኪያውንም አንሱ፤ ላቦራቶሪ ሁሉ አንድ አይደለም። የአልትራሳውንድ ወረቀት ካለ፣ ናሙና በመርፌ ከተወሰደ፣ ቀዶ ከተደረገ የእሱም ማጠቃለያ። ደግሞ ባዶውን የክኒን ብልጭልጭ አትጣሉት፤ «ነጯን ክኒን ነው የምወስደው» ለሐኪም መልስ አይሆንም። 25 ነው፣ 50 ነው፣ 100 ማይክሮ ግራም ነው? እሱ ላይ ተጽፏል።

ጥሩ ሐኪም በምን ይታወቃል? እኔ አንገት ሲመረምር ነው የማየው። ከወንበራችሁ ጀርባ ይቆማል። በሁለት እጁ ጣቶች ጉሮሮን ዳበስ ያደርጋል። «አንዴ ውኃ ተጎንጪ» ይላል። ስትውጡ ዕጢዋ ከጣቶቹ ሥር ከፍ ብላ ትወርዳለች፤ መጠኗም እብጠቷም ያኔ ይታወቀዋል። ወረቀት ብቻ አይቶ፣ ቀና ሳይል መድኃኒት የሚጽፍ ከሆነ፣ እኔ ብሆን ሌላ እፈልጋለሁ።

ከክፍሉ ሳትወጡ ደግሞ «ፊድባክ ይጻፉልኝ» በሉ። ለላካችሁ ሆስፒታል መልሶ የሚጽፈው ወረቀት ማለት ነው። ያኔ ባሕር ዳር በዓመት አንዴ ሁለቴ ትመጣላችሁ፣ የቀረውን ፍኖተ ሰላም ወይም ሞጣ ትከታተላላችሁ። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ይህች ወረቀት ምን ያህል እንደምትጠቅም እናንተው ታውቁታላችሁ። ለዚያው ጊዜም የመጠባበቂያ ክኒን የሚበቃ ማዘዣ ጠይቁ።

የመጨረሻው፣ ፒቲዩ ወይም ካርቢማዞል ለምትወስዱ ነው። አዲስ ሐኪም በመጠበቅ ላይ ሳላችሁ ትኩሳትና ኃይለኛ የጉሮሮ ሕመም ከመጣ፣ ብርድ ነው ብላችሁ አትተኙ። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን ክፉኛ ይቀንሳል። መድኃኒት አይቋረጥ ብዬ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ክኒኑን ያኔውኑ አቁሙና በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቅርባችሁ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ገና በር ላይ «የታይሮይድ መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ነጭ የደም ሴሌ ይቆጠርልኝ» በሉ። ለዚህ ስፔሻሊስትም ቀጠሮም አይጠበቅም።